የሦስተኛዋ ቀን ጨረቃ

አሸዋ ሜዳ ገና ጭቃ በጭቃ በነበረበት ጊዜ ሰፈራችን ውስጥ አንድ ቪዲዮ ቤት ነበረ፣ ቆርቆሮ ቤት፣ መስኮቱ በማዳበሪያ ከረጢት የተጋረደ። ሳንቲማችንን ከፍለን አግዳሚ ላይ ተጠጋግተን ነው የምናየው። የህንድ ፊልም ሲሆን ማንም አይተረጉምልንም ግን ሁሉም ይገባናል። ሳድማ የሚባለውን ፊልም ያየሁት እዛ ነው። ሌላ ጊዜ ፊልም ሲያልቅ እየተደባደብን አክተሩን እየሆንን ነበር የምንወጣው፣ የዛን ቀን ግን ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው ዝም ብለን ወጣን።

መጀመሪያ በታሚልኛ የተሰራ መሆኑን ያወቅኩት ካደግኩ በኋላ ነው። ሙንድራም ፒራይ ይባላል፣ እኤአ 1982 ነው የወጣው፣ ባሉ ማሄንድራ ራሱ ጽፎት ካሜራውንም ራሱ ይዞ ዳይሬክት አድርጎታል፣ በአመቱ ደግሞ በነዛው ተዋናዮች በካማል ሃሳንና በስሪዴቪ ሳድማ ብሎ በሂንዲ ደገመው። አንዲት ልጅ በመኪና አደጋ ጭንቅላቷ ተጎድቶ እንደ ህፃን ትሆናለች፣ አንድ አስተማሪ፣ ካማል ሃሳን ማለት ነው፣ ከመጥፎ ቦታ አውጥቶ ኡቲ የሚባል ተራራማ አገር ወስዶ እንደ ልጁ ይንከባከባታል። የሚያስተኛበትን እሹሩሩ የጻፈው ካናዳሳን የሚባለው ገጣሚ ነው፣ የመጨረሻ ዘፈኑ ነው ይባላል፣ ፊልሙ ሳይወጣ 1981 ላይ ሞተ። ዜማው የኢላያራጃ ነው፣ ቋንቋውን ሳታውቅ ራሱ አንጀትህን ይበላዋል። ርዕሱ የሦስተኛ ቀን ጨረቃ ማለት ነው፣ ያቺ ቀጭኗ፣ ትንሽ ታይታ የምትጠልቀው።

መጨረሻ ላይ ታክማ ትድናለች፣ ስትድን ግን እሱን ጭራሽ አታውቀውም። ባቡር ጣቢያ ጭቃ በጭቃ ሆኖ እያነከሰ ይደርስና በፊት የሚያስቃትን የዝንጀሮ ጨዋታ ማሰሮ ጭንቅላቱ ላይ አድርጎ እየዘለለ ያሳያታል፣ እሷ በመስኮት አይታው እብድ መሰላት፣ ባቡሩ ሄደ። ካማል ሃሳን በዚህ ፊልም ነው የህንድን ብሔራዊ የምርጥ ተዋናይ ሽልማት ለመጀመሪያ ጊዜ ያገኘው፣ ለኔ ግን ያቺ ማሰሮ ብቻ ትበቃለች።

ይሄን ሁሉ የምጽፈው በእማዬ ምክንያት ነው። ግቢያችን ተከራይታ የነበረች ልጅ ቤሩት ስትሄድ የአንድ አመት ልጇን ለእማዬ ትታላት ሄደች። አጥሚት እያጠጣች፣ አዝላ፣ ሶስት አመት ሙሉ አሳደገቻት። ሚጣ የእማዬን ነጠላ ጫፍ በጭብጧ ካልያዘች አትተኛም ነበር። እናቷ መጥታ የወሰደቻት ሌሊት ነው፣ እንደተኛች፣ እማዬ ነጠላውን ከእጇ ማስለቀቅ ስላቃታት አብራ ሰጠቻት። ከዛ ስልክ ተቀየረ፣ ጠፉ።

ባለፈው አስኮ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆመን እማዬ ክንዴን ጭምቅ አደረገችው። ከፊታችን ዩኒፎርም የለበሰች ልጅ፣ ቅንድቧ ላይ ከበረንዳችን ወድቃ ያገኘቻት ጠባሳ። «ሚጣ» አለች እማዬ ቀስ ብላ። ልጅቷ ዞራ «አቤት እማማ፣ መግባት ፈልገው ነው?» አለቻትና ተራዋን ለቀቀችላት፣ ደግፋ አስገባቻት፣ ከዛ የነጠላዋን ጫፍ ከበሩ ላይ አንስታ «እንዳይይዝብዎት» ብላ ጭኗ ላይ አስቀመጠችላት። እኔ ልናገር ስል እማዬ ጉልበቴን ያዘችኝ። በሩ ተዘጋ፣ እስከ ቤት ድረስ ያንን ጫፍ አልለቀቀችውም።

ማታ ያንን የባቡር ጣቢያ ከስልኬ ከፍቼ አሳየኋት፣ ለምን እንዳሳየኋት እኔጃ። መነፅሯን አድርጋ እስከ መጨረሻው አየችው፣ ታሪኩንም ነገርኳት።

«ልጅቷ ግን ዳነች?» አለችኝ።

«አዎ ድናለች እማዬ።»

«ተመስገን» አለችና ስልኬን መለሰችልኝ።