ትጥቅ ከተፈታ በኋላ የሚቀረው

ግንቦት 1983 ዓ.ም. የደርግ መንግሥት ሲወድቅ፣ ከ4 መቶ ሺህ በላይ የሚሆኑ የቀድሞው ሠራዊት አባላት ሥራቸውን፣ ማዕረጋቸውንና በሰው ዘንድ የነበራቸውን ክብር በአንድ ጊዜ አጡ። እነርሱን መልሶ ለማቋቋም የተሰየመው ኮሚሽን ቀለብ መስፈሩ፣ ለገጠሬውም ዘርና የእርሻ መሣሪያ ማቅረቡ የሚናቅ ሥራ አልነበረም፤ ነገር ግን ለአእምሮ ሕሙማን የቆመው ሆስፒታል በአገሪቱ አማኑኤል ብቻ በነበረበት በዚያ ዘመን፣ ሌሊት እየባነነ የሚያድረውን ሰው የሚጠይቅ አልተገኘም ማለት ይቻላል።

እኔ ባደግሁበት ሰፈር ከእነዚህ ሰዎች ብዙዎቹ የሌሊት ጥበቃ ሆነው ይሠሩ ነበር። በልጅነታችን ንቁ ስለሆኑ የተመረጡ ይመስለን ነበር፤ ዛሬ ሳስበው ግን አንዳንዶቹ ያንን ሥራ የያዙት ቀድሞውንም እንቅልፍ ስለራቃቸው ይሆን እላለሁ። ተሸናፊ ከተባለ ጦር የመጣ ሰው ሐዘኑን የሚያወጣበት ቦታ አልነበረውም። ጓዶቹን ናቅፋ ወይም አፋቤት ላይ ቢያጣም በአደባባይ አይታሰቡለትም፤ ስለ ጦርነቱ የሚያወራው ሲጠጣ ብቻ ስለነበረ ጎረቤትም ሰካራም ብሎ ያልፈው ነበር።

ባለሙያዎች ፒቲኤስዲ የሚሉት፣ ከአሰቃቂ ክስተት በኋላ የሚመጣ የጭንቀት ሕመም በአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች መመሪያ ውስጥ የሰፈረው እ.ኤ.አ. በ1980 ሲሆን፣ ለዚህም የቬትናም ዘማቾች ውትወታ አስተዋጽኦ ነበረው። እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ግን ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ የተጀመረው የቬት ሴንተር፣ ማለትም ለዘማቾች ምክር የሚሰጡ ማዕከላት፣ ሥራ ነው። ዘማቹ የመንግሥትን ትልልቅ ሆስፒታሎች ይሸሽ ስለነበር፣ ማዕከላቱ ከሆስፒታል ግቢ ውጭ፣ ሰው በሚኖርበት አካባቢ ተከፈቱ፤ ከአማካሪዎቹም ብዙዎቹ ራሳቸው ጦር ሜዳ የዋሉ ነበሩ። የእኛም ሰው «አማኑኤል ገባ» መባልን ስለሚፈራ፣ ይህ አሠራር ለእኛ ባዕድ አይመስለኝም።

ከጥቅምት 2015 ዓ.ም. የፕሪቶሪያ ስምምነት በኋላ ሥራ የጀመረው ብሔራዊ ተሃድሶ ኮሚሽን ከ371 ሺህ በላይ የቀድሞ ተዋጊዎችን ወደ ሲቪል ሕይወት ለመመለስ አቅዷል። ገንዘቡና የሙያ ሥልጠናው አስፈላጊ መሆኑን ማንም አይክድም፤ ሆኖም ሕመሙ ብዙ ጊዜ የሚገለጠው ሰውየው ቤቱ ገብቶ የመመለሱ ደስታ ካለፈ በኋላ በመሆኑ፣ በካምፕ ቆይታ ብቻ የሚሰጥ ምክር አይበቃም። ያየውን ከሠለጠነ አማካሪ ጋር ቀስ በቀስ በመነጋገር፣ ሲያስፈልግም በመድኃኒት የሚታከም ሕመም ስለሆነ፣ ክትትሉ እስከ ቀበሌው ጤና ኬላ መዝለቅ ይኖርበታል። ጠበል የሚሄደውም ይሂድ፤ መድኃኒቱን እንዳያቋርጥ የሚመክረው ካህን ግን ያስፈልገዋል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም ቤቱ ስትደርስ ሚስቱን ለብቻዋ ብታነጋግራት መልካም ነው፤ እሱ «ደህና ነኝ» ብሎ የሚሸፋፍነውን፣ በቁጣው ጊዜ ልጆቹን ይዛ ጎረቤት የምታድረው እሷ ታውቀዋለችና።