መብራት ያሸነፈበት ስብሰባ

ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ባለ አንድ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ነው። ስብሰባው የተጠራው ለቀጣዩ ዓመት ዕቅድ ሐሳብ ለማሰባሰብ ነበር። ከፎገራና ከደንቢያ የመጡ ገበሬዎች፣ ዓሣ አስጋሪዎችና የወረዳ ባለሙያዎች ተሰብስበዋል። የእኔ ድርሻ ላፕቶፑና ፕሮጀክተሩ ነው።

የእኛን አገር ስብሰባ ታውቁታላችሁ። መጀመሪያ ትልቁ ሰው ይናገራል። ከዚያ ሌላው ሁሉ «የተባለው እንደተጠበቀ ሆኖ» እያለ ያንኑ ይደግማል። በስልክ ድምፅ መስጠት ያስፈለገው ለዚህ ነው። ሜንቲሜትር፣ ስላይዶና ካሁትን የመሰሉ መሣሪያዎች አሠራራቸው ተቀራራቢ ነው። ስክሪኑ ላይ ቁጥር ይወጣል፣ ተሰብሳቢው ስልኩ ላይ ያስገባዋል፣ መልሱን ይጽፋል። አፕ መጫን የለ፣ እውነተኛ ስም መጻፍ የለ። ስማርት ስልክ ለሌለው ደግሞ አጠገቡ ያለ ሰው ይጽፍለታል።

ጥያቄው አጭር ነበር፦ «ጣና ዳር ስትኖሩ ከሁሉም በላይ የሚያሳስባችሁ ምንድን ነው? በአንድ ቃል።» መልሶቹ በወርድ ክላውድ ይወጣሉ። ብዙ ሰው የጻፈው ቃል ይተልቃል፣ ጥቂቱ የጻፈው ትንሽ ይሆናል።

መሐል ላይ ግዙፍ ሆኖ የወጣው «መብራት» ነው።

ሰብሳቢው ደስ አላቸው። «እንግዲህ ሕዝቡ ተናግሯል» ብለው ወደ ቀጣዩ አጀንዳ ሊሻገሩ ሲሉ፣ ከኋላ አንድ ሽማግሌ ዓሣ አስጋሪ እጃቸውን አወጡ። «ክቡር ሰብሳቢ፣ እኔ እምቦጭ ነው ያልኩት። ጎኔ ያለውም እምቦጭ ነው ያለው። መረቤን የሚበላው እሱ ነው። መብራቱን ማን አለው?»

ስክሪኑን ጠጋ ብዬ አየሁት። እምቦጩ አለ፣ ግን ተበታትኗል። እዚህ «እምቦጭ»፣ እዚያ «እንቦጭ»፣ ጥግ ላይ «ዕንቦጭ»፣ ሌላ ቦታ «እምቦጩ»፣ «የእንቦጭ አረም»። ዓሣም እንደዚያው፦ «አሳ»፣ «ዓሳ»፣ «ዓሣ»፣ «አሣ»። አምባዛና ቀረሶ ብለው የጻፉም ነበሩ። ለኮምፒውተሩ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዓ ዝምድና የላቸውም፤ እያንዳንዱ የራሱ ኮድ ያለው ሌላ ፊደል ነው። ፊደል በፊደል ካልገጠመለት አንድ ላይ አይቆጥርም። «መብራት» ደግሞ ሞክሼ ፊደል የለበትም። ማንም ቢጽፈው ያው ነው። ዕድለኛ ቃል!

ለሻይ ሲወጣ መልሶቹን ወደ ኤክሴል አውርደን ከአንድ የወረዳ ባለሙያ ጋር ተቀመጥን። እሷ ታነባለች፣ እኔ አንድ ዓይነቶቹን አንድ ላይ አደርጋለሁ። «ቀረሶን ዓሣ ውስጥ ላስገባው?» ስላት «ታዲያ የት ልታስገባው ነው!» አለችኝ። ሲደመር እምቦጭ አንደኛ፣ ዓሣ ሁለተኛ ሆኑ። መብራት ሦስተኛ ወረደ።

ከሻይ በኋላ ጥያቄው በምርጫ ቀረበ። አማራጮቹን በሀ፣ ለ፣ ሐ ፈንታ በቁጥር አደረግናቸው፤ ከኋላ የተቀመጠ ሰው «ሀ» ብሎ ሲጮህ የትኛው ሀ እንደሆነ ማን ያውቃል? ውጤቱም ሁሉም መርጦ እስኪጨርስ ተደበቀ። ይኼ ቅንብር ብዙዎቹ መሣሪያዎች ላይ አለ፤ በእኔ እምነት ሁሌም ሥራ ላይ መዋል ያለበት እሱ ነው። የድምፁን ብዛት የሚያሳየው ባር ሲያድግ እያየ የሚመርጥ ሰው ወደ ረጅሙ ማዘንበሉ አይቀርም፤ ያኔ «የተባለው እንደተጠበቀ ሆኖ» በስልክ ተመለሰ ማለት ነው። ውጤቱ ሲከፈት እምቦጭ ከግማሽ በላይ ወሰደ። ሽማግሌው ጎናቸው ወዳለው ሰው ዞረው «አላልኩህም?» አሉት።

ማምሻውን ሰብሳቢው ደወሉልኝ። ለሪፖርቱ የመጀመሪያውን ምስል ነው የፈለጉት፣ ቀለሙ ያምራል ብለው። ምስሉን ላክሁላቸው። ከሥሩ ግን የኤክሴሉን ሠንጠረዥ አያይዤ፣ እምቦጭን በቢጫ ቀለም አቅልሜ።