ስፒከሩን በእርሳስ የወጉት ደንበኛ

የምሠራው ሜሪላንድ ውስጥ ነው፤ አሮጌ ቴፕና ሸክላ ወደ ኮምፒውተር በሚገለብጥ ትንሽ ቤት። ደንበኞቻችን ብዙ ዓይነት ናቸው። የሟች አባቱን ድምፅ የያዘ ካሴት የሚያመጣ አለ። የድሮ ስብከት የሚያመጣ ቤተ ክርስቲያን አለ። ሐበሾችም የሠርግ ካሴታቸውን ይዘው ይመጣሉ። ሥራውን ለሁለት ተካፍለነዋል። እኔ ቴፑን አጫውቼ እንዳለ እገለብጣለሁ። ከዚያ አንድ የአገር ልጅ በሶፍትዌር ያጸዳዋል። ልጁ ጎበዝ ነው። ሹሹታ በሉት፣ ጭርጭርታ በሉት፣ ምንም አያመልጠውም።

አንድ ቀን ሰባዎቹን ያጋመሱ አሜሪካዊ ሽማግሌ አንድ ሪል ቴፕ፣ ካሴት ውስጥ ያልገባ ትልቅ የቴፕ ጥቅል፣ ይዘው መጡ። ካርቶኑ ላይ በእስክሪብቶ «ጋራዥ፣ 1966» ተብሎ ተጽፏል። ክዳኑን ስከፍት የኮምጣጤ ሽታ አፍንጫዬን አለኝ። ጥቅልሉን ወደ መብራት አነሣሁት፤ ብርሃን አሳለፈ። አሲቴት የሚባለው የድሮ ፕላስቲክ ነው ማለት ነው። አሲቴት ሲያረጅ ይደርቃል፣ ይኮመጥጣል፣ ትንሽ ጠበቅ ካደረጉት ቀጭ ይላል። ደግነቱ ሳይለጠጥ ነው የሚበጠሰው፤ ጫፍና ጫፉን ገጥሞ መቀጠል ይቻላል። እጄ ላይ ደጋግሞ ተበጠሰብኝ፤ እየቀጠልኩ ጨረስኩት።

ድምፁ ጉድ ነበር። ጊታሩ እንደ ጊታር አይጮህም፤ ይቀደዳል። ዘፋኙ ከማይክሮፎኑ በላይ ይጮኻል። ሦስተኛው ዘፈን ላይ ከድራሙ ጋር የማይገጥም ዷ ዷ የሚል ነገር ይሰማል። እንዳለ ገልብጬ ለልጁ ሰጠሁት። ልጁም የተቻለውን አደረገ። የተሰነጠቀውን ጊታር አለሰለሰው፣ ዷዷታውን ነቅሎ አወጣው፣ የክፍሉን ማሚቶ ቀነሰው። አለቃችን ሰምቶ «አዲስ ሆነ!» ብሎ አጨበጨበ።

ሽማግሌው መጡና የጆሮ ማዳመጫውን አደረጉ። ትንሽ ሰምተው አወለቁት።

«ይሄ የእኛ ባንድ አይደለም» አሉ።

ልጁ ደነገጠ። የቴፑን ካርቶን አሳያቸው። ሳቁ። «ካርቶኑማ የኔ ነው። ጊታሬ የታለ?»

«ስፒከርዎ ተቀዶ ነበር እኮ» አላቸው፤ በአክብሮት።

«አውቃለሁ። የቀደድኩት እኔ ነኝ።»

ልጁ ወደ እኔ ዞሮ በአማርኛ «ጋሼ፣ ሰውየው እየቀለዱ ነው?» አለኝ። እየቀለዱ አልነበረም። ወንበር ሳብኩላቸውና ተቀምጠው ነገሩን አስረዱን። በዚያ ዘመን ወጣቶች በወላጆቻቸው ቤት የመኪና ማደሪያ ውስጥ ተሰብስበው ይለማመዱ ነበር። ጋራዥ ሮክ የሚባለው ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው። ዕቃው ርካሽ፣ ጊታሩ ሦስት ኮርድ፣ ጩኸቱ ግን አንጀት ያርሳል። እሳቸው ደግሞ አንድ ጀግና ነበራቸው፤ ሊንክ ሬይ። ሊንክ ሬይ እዚሁ እኛ ሰፈር፣ ዋሽንግተንና አካባቢዋ ሲጫወት የኖረ ጊታሪስት ነው። በፈረንጆቹ 1958 የወጣው «ራምብል» የተባለው ዜማው መጀመሪያ የተሰማው ቨርጂኒያ፣ ፍሬድሪክስበርግ ውስጥ በአንድ የወጣቶች ጭፈራ ላይ ነው። ሲቀዳ ያ የጭፈራው ቀን ሻካራ ድምፅ አልመጣ አለው። እርሳስ አንሥቶ የአምፕሊፋየሩን ስፒከር በሳሳው። አንድም ቃል የሌለው ዜማ ነው፤ ሆኖም የወጣት ጠብ ያነሣሣል ተብሎ አንዳንድ ሬዲዮ ጣቢያዎች ከለከሉት። ቃል የሌለው ዜማ ሲታገድ አስቡት!

የእኛ ሽማግሌም በአሥራ ስድስት ዓመታቸው እርሳስ አነሡ።

ዷዷታውስ? «እሱ ጎረቤታችን ነው። የጋራዡን በር እየደበደበ ነው። ከዚያ ፖሊስ ጠራብን።» ልጁ ያጸዳው ጎረቤትየውን ነበር።

እኔ ካሴት ከካሴት እየተገለበጠ በሚሰማበት አገር ያደግኩ ሰው ነኝ፤ ሹሹታ ብርቄ አይደለም። ግን ሹሹታ ሌላ፣ ሆን ተብሎ የተበላሸ ድምፅ ሌላ። ልዩነቱ ስላልገባኝ ማታ ማታ የዚያን ዘመን ሙዚቃ ማዳመጥ ጀመርኩ፤ እንደ ሙዚቃ አፍቃሪ ሳይሆን እንደ ባለሙያ። ሶፍትዌራችን ይሄን ቢያገኘው ምን ያደርገዋል እያልኩ።

ወደ ኋላ በሄድኩ ቁጥር ባሰ። ሜምፊስ፣ ዩኒየን ጎዳና ቁጥር 706 ላይ ሳም ፊሊፕስ የሚባል ሰው በ1950 ትንሽ ስቱዲዮ ከፈተ። በ1951 አይክ ተርነርና ባንዱ ከሚሲሲፒ ሲመጡ የጊታሩ አምፕሊፋየር መንገድ ላይ ተጎዳባቸው። ፊሊፕስ ሌላ አምጡ አላለም። የተጎዳው ስፒከር ውስጥ ወረቀት ጠቀጠቀና ቀዳው። «ሮኬት 88» እንዲያ ጎርንኖ ወጣ፣ ከአገር አገርም ተሰማ።

ሮካቢሊም እዚያው ቤት ነው አቅሙን ያገኘው። የነጮቹ የገጠር ሙዚቃና የጥቁሮቹ ብሉዝ ተገናኝተው የወለዱት ነው። ኤልቪስ በሐምሌ 1954 የመጀመሪያ ሸክላውን ሲቀዳ ድራም እንኳ አልነበረም። ስኮቲ ሙር ጊታር ይዟል፤ ቢል ብላክ ትልቁን ቤዝ በመዳፉ እየጠፈጠፈ ምቱን ይሞላል። ዘፈኑ የጥቁሩ ብሉዝ ተጫዋች የአርተር ክሩደፕ ነበር። ክሩደፕ ከሥራው የሚገባውን ገንዘብ ሳያገኝ ነው በ1974 ያረፈው፤ ይሄን ሳይጠቅሱ ማለፍ ደስ አይለኝም። ፊሊፕስ ድምፁን በሁለት የቴፕ መቅጃ እያዞረ ትንሽ ዘግይቶ እንዲመለስ ያደርግ ነበር። ሮካቢሊን ሮካቢሊ ያሰኘው ያቺ ፈጣን ማሚቶ ናት። የእኛ ሶፍትዌር ግን «ማሚቶ ቀንስ» የሚል ቁልፍ አለው። እዚያው ስቱዲዮ ይቀዳ የነበረው ዘፋኝ ጆኒ ካሽም ድራም ሲያጣ በጊታሩ ክሮች መሐል ወረቀት ሰክቶ ቸክ ቸክ ያሰኘው ነበር። ሶፍትዌሩ ያንንም ቆሻሻ ነው ብሎ ይጠርገዋል። ጠላ አጥልሎ አጥልሎ ውኃ ማድረግ ይሉታል ይሄ ነው።

በ1963 ደግሞ ኪንግስመን የሚባሉ የፖርትላንድ ወጣቶች «ሉዊ ሉዊ»ን ቀዱ። ዘፋኙ ከጊታሩ ሶሎ በኋላ ቀድሞ ገባ፣ ደንገጥ ብሎም ቆመ፤ ድራመሩ ክፍተቱን ሸፈነለት። ስህተቱ እንዳለ ወጣ። ቃላቱ ስለማይለዩ ብልግና ነው ተብሎ ኤፍቢአይ ሳይቀር መረመረው። በመጨረሻ የደረሰበት ውጤት ምን እንደሚል አይሰማም የሚል ነው።

አዲሶቹም ይሄን ዱካ ተከትለዋል። የዲትሮይቶቹ ዋይት ስትራይፕስ በ2003 ያወጡትን አልበም ለንደን ውስጥ በጥንታዊ ዕቃ፣ ያለ ኮምፒውተር ነው የቀዱት። የኦሃዮ፣ አክረን ከተማዎቹ ብላክ ኪስ የመጀመሪያ ሥራቸውን በድራመሩ ቤት ምድር ቤት ቀዱ። የጥንቱን ከወደዳችሁ ግን የሮካቢሊ ዘፋኟን ዋንዳ ጃክሰንን ስሙ። ያቺ ሴት ስትጮህ የማንም ማጣሪያ አያቆማትም። እኛም ዓለማየሁ እሸቴን «የኢትዮጵያው ኤልቪስ» ያልነው በከንቱ አይደለም፤ የድሮ ሸክላዎቹን ያለማጽጃ ስሟቸው።

ከአለቃችን ጋር ተከራከርን። «ሰው የሚከፍለን ንጹሕ ድምፅ ብሎ ነው» ይላል። ለሟች እናት ድምፅ ልክ ነው፤ እዚያ ቃሉ ነው የሚፈለገው። ለሽማግሌው ግን የተሰነጠቀው ነገር ራሱ ዕቃው ነበር። ማሽኑ ይሄን ሊለይ አይችልም። የሚለየው ባለቤቱ ነው፣ ባለቤቱን ደግሞ ማንም አልጠየቀም።

ያልተነካው ግልባጭ እኔ ጋ ስለነበር ማስተካከሉ ቀላል ሆነ። ሽማግሌው መጥተው ከልጁ ጎን ተቀመጡ። ጊታሩ ተመለሰ። ጎረቤትየውም ተመለሰ። ከዚያ ጣታቸውን ቀሰሩ። «ይሄን ዝዝታ ግን አጥፋልኝ። እሱ የመብራቱ ነው፤ ያኔም ያናድደኝ ነበር።» ልጁ የመብራቱን ድምፅ፣ 60 ኸርዙንና ብዜቶቹን፣ ብቻ በቀጭኑ ቆረጠ። ቤዙ እዚያው አካባቢ ስለሚጫወት ከሌላው ሁሉ ይልቅ ብዙ ጊዜ የወሰደበት ይሄ ነው።

አሁን የመቀበያ ቅጻችን ላይ አንድ ጥያቄ ተጨምሯል፤ እንዳይነካ የሚፈልጉት ድምፅ ካለ ይጻፉ ይላል። አብዛኛው ሰው ባዶውን ይተወዋል። ያኔ ልጁ ስልክ ይደውላል።