ሁለቱ መሐንዲሶች የተለያዩበት ነጥብ

ወሩ ኅዳር ነበር፤ አዲስ አበባ ውስጥ በምንሠራው ሕንፃ የሦስተኛው ፎቅ ሶሌታ (የኮንክሪት ወለል) ከተሞላ አሥረኛ ቀኑን ይዟል። የተቋራጩ ወጣት ሳይት መሐንዲስ ፑንቴሎዎቹ፣ ማለትም ሶሌታውን ከሥር የያዙት የድጋፍ ቋሚዎች፣ ተነቅለው ወደ ላይኛው ፎቅ እንዲወጡ ሲጠይቅ፣ የአማካሪው ተቆጣጣሪ መሐንዲስ ከለከሉ። ቃለ ጉባኤ የምይዘው እኔ ነበርሁ።

ወጣቱ «ኢንጂነር፣ የ7 ቀኑ ኪዩብ 18 ሜጋ ፓስካል አምጥቷል፤ ለሲ-25 ኮንክሪት ጥሩ ውጤት ነው» ይላል፤ ኪዩብ ያለው ከሙሌቱ ተወስዶ ጥንካሬው ላብራቶሪ ውስጥ የሚፈተሸውን የኮንክሪት ቁራጭ፣ ሲ-25 ያለውም በ28 ቀኑ 25 ሜጋ ፓስካል ጥንካሬ የሚጠበቅበትን ኮንክሪት ነው። እርሳቸው ደግሞ «ሌሊቱ እንዲህ እየቀዘቀዘ ድጋፍ አይነሣም» ይላሉ። ክርክሩ በጦፈ ቁጥር አንዱ ስለ ላብራቶሪ፣ ሌላው ስለ ብርድ ብቻ ይናገሩ ስለነበር፣ ፎርማኑ የተጣሉት በኮንክሪቱ ጥራት መስሎት ስለ ሲሚንቶው ማስረዳት ጀመረ።

ሁለት ሰዎች ተለያዩ የሚባለው፣ አንዱ እውነት ነው ያለውን ዐረፍተ ነገር ሌላው እውነት አይደለም ሲል ነው፤ አንደኛቸው አቋም ያልያዙበት ነገር የልዩነታቸው ነጥብ ሊሆን አይችልም። ኤልሳት የተባለው የአሜሪካ ሕግ ትምህርት ቤቶች መግቢያ ፈተናም የሁለት ተናጋሪዎችን ልዩነት በሚያስለዩት ጥያቄዎቹ የሚፈትነው ይህንኑ ነው። ስለዚህ ዐረፍተ ነገሮችን እየጻፍሁ ሁለቱንም አዎ ወይስ አይደለም ብዬ ጠየቅሁ።

የኪዩቡ ውጤት ትክክል ነው? ሁለቱም አዎ አሉ። ድጋፍ ለማንሣት የግድ 28 ቀን መሙላት አለበት? ወጣቱ አይደለም አለ፤ የሚገርመው እርሳቸውም «እኔ መቼ 28 ቀን አልሁ?» አሉ። ከስብሰባው ግማሽ ያህሉ ያለቀው ግን ማንም ያላለውን ይህንን ሐሳብ በመቃወም ነበር። በመጨረሻም፣ ላብራቶሪ ውስጥ በ20 ዲግሪ ገደማ ውሃ ውስጥ የቆየው ኪዩብ፣ ከ10 ዲግሪ በታች በሚወርድ ሌሊት ሜዳ ላይ ያደረውን ሶሌታ ይወክላል ወይ ብዬ ጠየቅሁ። ወጣቱ አዎ፣ እርሳቸው አይወክልም አሉ።

ነጥቡ ይህ ሆኖ ሲገኝ ጭቅጭቁ ወደ ሥራ ተለወጠ፤ ብርድ የሲሚንቶውን መጠንከር እንደሚያዘገይ ወጣቱም ያውቃልና። ፑንቴሎዎቹ ለጊዜው ባሉበት እንዲቆዩ፣ የሶሌታው ጥንካሬ በሽሚት ሐመር (ኮንክሪቱን ሳይሰብር መትቶ በሚነጥርበት መጠን በሚለካ መሣሪያ) እንዲገመት፣ ከቀጣዩ ሙሌት ጀምሮም የተወሰኑ ኪዩቦች ከሶሌታው ጎን በዚያው ብርድ እንዲቀመጡ ተስማሙ። በቃለ ጉባኤው ላይ «በድጋፍ ማንሣት አልተስማሙም» የሚለውን ሰርዤ የኪዩቡን ውክልና ጥያቄ ከነውሳኔው ጻፍሁ፤ ሁለቱም ፈረሙበት።