የዓረብ ተማሪዎችን ባህል ተሻጋሪ ብቃት በመጠይቅ ብቻ መለካት ይበቃል?

የዓረብ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከሌላ ባህል ሰዎች ጋር የመግባባት ብቃታቸው እንዴት ይለካል የሚለው ጥያቄ ለጎንደር ሰው ሩቅ አይደለም፤ ከ22ቱ የዓረብ ሊግ አባል አገሮች አንዷ ወደሆነችው ሱዳን የሚወስደው የመተማ መንገድ በዚህ ያልፋልና።

በመስኩ ከሚታወቁት መለኪያዎች አንዱ ቼንና ስታሮስታ በ2000 ያወጡት ባለ24 ዓረፍተ ነገር መጠይቅ ነው። ተማሪው ከሌላ ባህል ሰዎች ጋር መገናኘት ያስደስተው እንደሆነ ይጠየቅና፣ ከ«በጣም እስማማለሁ» እስከ «በጣም አልስማማም» ካሉት አምስት ምርጫዎች አንዱን ያከብባል። እንግዳ መቀበል የቤተሰብ ክብር በሆነበት ማኅበረሰብ ያደገ ወጣት ግን «አያስደስተኝም» ብሎ ማክበብ ይከብደዋል (እኛም ብንሆን ያው ነን)፤ ስለዚህ ከፍ ያለው ነጥብ አስተዳደጉን እንጂ ችሎታውን ላያሳይ ይችላል። መጠይቁ የሚተረጎመው በመደበኛው የጽሑፍ ዓረብኛ፣ በፉስሃ፣ መሆኑም ሌላ ችግር ነው፤ ተማሪው የሚጣላውም የሚታረቀውም በአገሩ የንግግር ዓረብኛ ነው።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ የግንኙነት ብዛት እንደ ብቃት መቆጠሩ ነው። በኳታርና በኤምሬትስ ከነዋሪው አብዛኛው የውጭ ዜጋ ስለሆነ ተማሪው ከባዕድ ባህል ጋር የሚገናኘው ገና ከቤቱ ሳይወጣ ነው፤ ቁርሱን የምታቀርብለት ሠራተኛ ከእኛው አገር የሄደች እኅታችን ልትሆን ትችላለች። ዐቢይ ጾም ሲገባ ሥጋና ወተት እንደማትቀምስ ያውቃል? ካወቀስ የምትበላው ነገር መኖሩን ይጠይቃል? ብቃቱን የሚገልጠው ይህ ነው፤ በየቀኑ ማየቱ አይደለም።

ጎንደር ውስጥ ክርስቲያን ሠርግ ሲደግስ ለሙስሊም ጎረቤቶቹ ከብቱን በእነርሱ እጅ አሳርዶ፣ ወጡን በሌላ ድስት ያሠራል። ይህን የሚያደርገው ሰው መጠይቅ ቢሰጠው ስንት እንደሚያመጣ አይታወቅም፤ ችሎታው ግን ለሚያይ ሁሉ ግልጽ ነው። ዳርላ ዲያርዶርፍ በ2006 ባወጣችው ጥናት የጠየቀቻቸው ምሁራንም ቁጥር ብቻውን እንደማይበቃ፣ ቃለ መጠይቅና ምልከታ ሊታከሉበት እንደሚገባ ተስማምተዋል። እኔም ለዶሃም ሆነ ለካርቱም ተማሪ ከመጠይቁ ጎን እንደ ጾመኛዋ ሠራተኛ ያለ ጉዳይ ቀርቦለት ምን እንደሚያደርግ በራሱ አንደበት ቢናገር እመርጣለሁ፤ ምላሹንም የአገሩን የንግግር ዓረብኛ የሚያውቅ ጠያቂ ይቀበለው።