ግንቡ ሥር የቀረው ጠዋት

ዛሬ ማታ የቆዩ ፎቶዎችን ሳገላብጥ አንዱ ላይ ስደርስ እጄ ቆመ። እማዬ ሮም ውስጥ፣ የቫቲካን ሙዚየሞች ግንብ ሥር ቆማለች። ቦርሳዋን እግሯ አጠገብ አስቀምጣ በአንድ እጇ ግንቡን ተደግፋለች። ፈገግ ብላለች፤ ፈገግታው ግን እኔ እንዳላዝን ብላ ያመጣችው እንደሆነ አውቃለሁ። ጉልበቷን ያማታል። ፎቶው ሲነሳ ከሁለት ሰዓት በላይ ቆመን ነበር፤ በሩ ገና አይታይም።

ቀኑን የመረጥኩት እኔ ነኝ። ሙዚየሞቹ እሁድ እሁድ ዝግ ናቸው፤ በየወሩ የመጨረሻዋ እሁድ ግን ለጥቂት ሰዓታት በነጻ ያስገባሉ። ነጻ መሆኑን እንጂ በዚያች አጭር ጊዜ ስንት ሰው እንደሚመጣ አላሰብኩም። ሙዚየሞቹ ውስጥ ወዳለው ሲስቲን ጸሎት ቤት ስንደርስ እማዬ ግድግዳውን ተከትሎ ከተሠራው አግዳሚ ላይ ቦታ አግኝታ ተቀመጠችና ዓይኗን ጨፈነች። ሚኬላንጄሎ እ.ኤ.አ. ከ1508 እስከ 1512 የሳለው ጣሪያ፣ ለዓመታት ስታወራለት የኖረችው ጣሪያ፣ ከራሷ በላይ ነው። ቀና ለማለት ግን አቅም አልነበራትም። እኔም አየሁት ለማለት ይከብደኛል፤ እሷን ነበር የማየው።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሰልፍን እንደ ቀላል ነገር አላየውም። ጊዜ መውሰዱ ብቻ ቢሆን ምንም አልነበረም። ለማየት ያስቀመጥነውን ጉልበትና ልብ እዚያው በር ላይ ይጨርሰዋል፤ ሥዕሉ ፊት የሚደርሰው የደከመ ሰው ነው።

በማግስቱ ሳይነጋ ተነሣን። እዚያው ቫቲካን ያለው ትልቁ ቤተ ክርስቲያን፣ የቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ይከፈታል፤ መግቢያው ክፍያ የለውም፤ የሚያሰልፈው ፍተሻው ብቻ ነው። በዚያ ሰዓት ፍተሻው ጋ ከፊታችን የነበሩት ጥቂት መነኮሳትና አንድ ቤተሰብ ናቸው። ገብተን ወደ ቀኝ ስንታጠፍ ያ የሚኬላንጄሎ የእብነ በረድ ሐውልት፣ እመቤታችን የልጇን ሥጋ ታቅፋ፣ ከመስተዋቱ ጀርባ ብቻዋን ነበረች። እማዬ ፊት ለፊቷ ቆማ አለቀሰች። ማንም አልገፋት፣ ማንም ስልኩን ከራሷ በላይ አልዘረጋም። ረቡዕ ቢሆን ኖሮ እንዲህ አይሆንም ነበር፤ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ ረቡዕ ጠዋት አደባባዩ ላይ ምእመናንን ሲቀበሉ አካባቢው ገና በማለዳ ይሞላል።

ሰልፍ አንድ ብቻ እንዳልሆነም የተማርኩት በዚያው ጉዞ ነው። የቲኬት መግዣ ሰልፍ አለ፤ የፍተሻ ሰልፍ ደግሞ ሌላ ነው። በሌላ ከተማ አንድ ሻጭ «ወረፋ የለውም» ብሎ በእጥፍ ዋጋ ቲኬት ሸጦልኝ ነበር። ያስቀረልኝ የመግዣውን ብቻ ነው፤ ፍተሻው ላይ እንደ ማንም ቆምኩ። በሙዚየሙ የራሱ ድረ ገጽ ሰዓት ያለው ቲኬት ብገዛ ያንኑ አገኝ ነበር፣ ያውም በትክክለኛው ዋጋ። አሁን ሁልጊዜ መጀመሪያ የማየው የቦታውን የራሱን ገጽ ነው።

ሚላን ውስጥ «የመጨረሻው እራት» ያለበት አዳራሽ ሥርዓቱ ደስ ይለኛል። ሊዮናርዶ ግድግዳው ላይ የሳለው ሥዕል ስለሚጎዳ በአንድ ጊዜ የሚያስገቡት ጥቂት ሰው ነው፤ የሚቆዩትም 15 ደቂቃ። ቀድሞ ያልያዘ አይገባም። ጥብቅ ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን እነዚያን 15 ደቂቃዎች ሙሉውን ስላየሁበት አመሰግናለሁ።

ፓሪስ ያለው የሉቭር ሙዚየም ማክሰኞ ዝግ ነው። ረቡዕና አርብ ግን እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ክፍት ስለሆነ የሄድኩት አርብ ማታ ነው፤ ቡድኖቹ ወጥተው፣ ልጆች ተኝተው፣ አዳራሾቹ መተንፈስ ሲጀምሩ። እ.ኤ.አ. በ1989 የተከፈተው የመስተዋት ፒራሚድ በምሽት ብርሃን ሲያዩት ራሱ ሌላ ነው።

አንዳንዴ ግን መሸሽ አያስፈልግም። የፓሪሱ ኖትር ዳም ካቴድራል እ.ኤ.አ. በ2019 ከደረሰበት ቃጠሎ በኋላ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2024 ዳግም ተከፍቷል። እኔና እህቴ ስንደርስ ሰልፉ አደባባዩን ሞልቶት እህቴ «ተይው፣ እንመለስ» አለችኝ። በሩን እያየሁ ለሁለት ደቂቃ ቆጠርኩ፤ ወደ አርባ ሰው ገባ። ከፊታችን ያለው በግምት አራት መቶ ነው። በደቂቃ ሃያ ከገባ ሃያ ደቂቃ ነው፤ በዚያው ገደማም ገባን። ጆን ሊትል የተባለ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1961 በሒሳብ ያረጋገጠው ሕግ መሠረቱ ይኸው ነው፦ የተሰለፈውን ሰው በደቂቃ ለሚገባው ብታካፍይው የምትጠብቂውን ጊዜ ይሰጥሻል። ርዝመቱ ሳይሆን የሚሄድበት ፍጥነት ነው የሚታየው።

አንድ ነገር ላይ ግን ልቤ አይራራም። ቬኒስ በቅዱስ ማርቆስ ባዚሊካ ለጸሎት የሚመጡ ሰዎች የሚገቡበት የጎን በር አለ። እዚያ ሰልፍ ላይ ሳለሁ ከኋላዬ የነበሩ ሰዎች «ልንጸልይ ነው ብለን በዚያ እንግባ» ሲባባሉ ሰማሁ። ያ በር በልቅሶ ወይም በስእለት ለመጣ ሰው ነው። ኢስታንቡል ባለው አያ ሶፍያ መስጊድም እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ የውጭ ጎብኚዎች በሌላ በር ወደ ላይኛው ፎቅ ይወጣሉ፤ ታችኛው ለሰጋጆች ተትቷል። የጸሎት ሰዓት ነው ሲሉኝ ውጭ መጠበቅ አይከብደኝም። እንዲህ ያለውን ሰልፍ እወደዋለሁ ማለት እችላለሁ።

ፎቶውን ለእማዬ ላክሁላት። ወዲያው ደወለች። ማክሰኞ ጠዋት የሚሆን፣ የቫቲካን ሙዚየሞችን የመጀመሪያው ሰዓት ቲኬት እንደያዝኩላት ነገርኳት። ትንሽ ዝም አለችና «ያ አግዳሚ አሁንም አለ?» አለችኝ። አለ አልኳት። «እንግዲያው እዚያው ተቀምጬ ቀና ብዬ አያለሁ» አለች።