ሁለት የግራ እጅጌ

ዛሬ ጋቢ ደርቤም አልሞቀኝ አለ። ዝናቡ ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ አላባራም፤ የቱሉ ዲምቱ ነሐሴ እንዲህ ነው፤ ከብሎካችን በታች ያለው ኮረኮንች ጎርፍ ሆኗል። እህቴ ሁለቴ ደወለች፤ አላነሳሁም። ተቀይሜያት አይደለም፣ ወሬ ከየት እንደሚጀመር ስለጠፋኝ ነው። ስልኩ ጠርቶ ጠርቶ ዝም ሲል የአምና ነሐሴ ትዝ አለኝ።

አምና በዚህ ሰሞን ለጎረቤት ልጅ ዩኒፎርም ስሰፋ ሁለቱንም እጅጌ የግራ አድርጌ ቆረጥኩት። የካርቶኑን ንድፍ ገልብጦ መቁረጥ ከሃያ ዓመት በላይ እጄ ያለ እኔ የሚሠራው ሥራ ነበር። መሳሳቱስ ይሁን፣ ማንም ይሳሳታል። ያስደነገጠኝ ሁለቱን ጨርቅ ጭኔ ላይ ዘርግቼ የትኛው እንደተበላሸ ለማወቅ ግማሽ ሰዓት መቀመጤ ነው። አላወቅኩትም። አጣጥፌ አልጋ ሥር ደበቅኩት።

ያኔ ሁሉም ሰው «ሐሳብ ነው» ይለኝ ነበር። «አይዞሽ፣ በጸሎት በርቺ።» እኔም አመንኩ። ሦስተኛ ፎቅ ስወጣ በየደረጃው ማረፌን፣ ልጄ ስታወራኝ መሐል ላይ መጥፋቴን፣ ወጥ ጥጄ መርሳቴን ሁሉ ተስፋ ስለቆረጥኩ ነው አልኩ። ኩላሊቴ ከደከመ ወዲህ ደሜን በማሽን እታጠባለሁ፤ አንድ ቀን እጥበት ላይ ሲስተር የታችኛውን የዓይኔን ቆብ ሳብ አድርጋ አየችና «የደም ውጤትሽ የት አለ?» አለችኝ። ሄሞግሎቢኔ፣ ኦክስጅን ተሸካሚው የደሜ ክፍል፣ 6.8 ነበር። ለጤነኛ ሴት ከ12 በላይ ነው።

ዶክተሩ ሲያስረዳኝ እስከዚያ ቀን ስለ ኩላሊት የማውቀው ግማሹን ብቻ እንደነበር ገባኝ። ኩላሊት ማጣሪያ ብቻ አይደለም፤ ኤሪትሮፖይቲን የሚባል ሆርሞን እያመነጨ መቅኔን «ደም ሥራ» ብሎ ያዛል። ጤነኛ ሰው ከቆላ እንጦጦ ድረስ ቢወጣ የአየሩን መሳሳት የሚያውቅለትና ትእዛዙን የሚያበዛለት ኩላሊቱ ነው። ማሽኑ ያጥባል እንጂ አያዝም። በዚያ ላይ በየእጥበቱ ቱቦና ማጣሪያው ውስጥ ጥቂት ደም ይቀራል፤ 120 ቀን ገደማ መኖር የነበረበት ቀይ የደም ሴልም እኛ ዘንድ ዕድሜው ያጥራል። አእምሮ ደግሞ ኦክስጅን ካነሰው ይደክማል።

ወንድሜ «የእኔን ደም ስጧት» ብሎ ተነሳ። ዶክተሩ ግድ ካልሆነ አይሆንም አለ፤ የሌላ ሰው ደም የተቀበለ አካል በኋላ የሌላ ሰው ኩላሊት እንዳይቀበል ሊለምድ ይችላል፤ እኔ ደግሞ ንቅለ ተከላ ተስፋ አደርጋለሁ። የዚያ ሆርሞን መርፌና በደም ሥር የሚሰጠው አይረን ተጀመረ። መርፌው አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው በአውሮፓውያኑ 1989 ነው። ከዚያ በፊት እንደ እኔ የሚታጠቡት ደም እየተሰጣቸው ነበር የሚከርሙት።

በሦስት ወር 10.4 ደረስኩ። መጀመሪያ የተመለሰልኝ ጉልበት አልነበረም። ታክሲ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጠው ሰውዬ የኮቱ አንገትጌ ጠማማ መሆኑን አየሁ። የት ላይ ተፈትቶ እንዴት እንደሚስተካከል ሁሉ ታየኝ። ቃሊቲ እስክንደርስ በነጠላዬ ተሸፍኜ አለቀስኩ።

ስግብግብ ሆንኩና «14 አድርሱኝ» አልኩ። አይሆንም ተባልኩ። በአውሮፓውያኑ 2009 በወጣ ትልቅ ጥናት ስኳርና የኩላሊት ችግር ያለባቸውን ሰዎች ወደ 13 ለማድረስ ሲሞከር ስትሮክ በዝቶ ተገኝቷል። ሁሉም ነገርም የደም ብቻ አይደለም፤ ማሽኑ ላይ ሦስተኛው ሰዓት ሲደርስ ዛሬም የሚነግሩኝን አልይዝም። የምቆርጠው በማግስቱ ነው፤ ያን ቀን ጭንቅላቴ ጥርት ይላል።

አሁን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ሐዘኔ በመርፌ ከለቀቀኝ ሐዘኑ የማን ነበር? በእነዚያ ወራት ልጄን የተቆጣሁት፣ ጸሎት ያቆምኩት፣ የማን ነው? ከሁሉም በላይ ግን አንድ ማታ ወንድሜን ጠርቼ «ከእንግዲህ አልታጠብም፤ ገንዘባችሁን ለልጄ አድርጉት፤ ይበቃኛል» ብዬዋለሁ። አልተንቀጠቀጥኩም፣ አላለቀስኩም። በሕይወቴ እንደዚያ እርግጠኛ የሆንኩበት ቀን ያለ አይመስለኝም። ከ6.8 ጋር ነው ያን የተናገርኩት።

ግን ከጎኔ ይታጠቡ የነበሩት ጋሼ ደማቸው ደህና ሳለ ነው በቃኝ ያሉት። ልጆቻቸውን አስቀምጠው፣ መርቀው። እሳቸውን ማንም «ደምዎ አንሶ ነው» ሊላቸው አይችልም።

ወንድሜ ያን ማታ መልስ አልሰጠኝም። ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት በር አንኳኩቶ «ተነሺ፣ ታክሲ ሳይሞላ» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ስለዚያ ነገር አንስተን አናውቅም። ድምፄ ውስጥ ምን ሰምቶ እንዳልሰማኝ እስካሁን አልጠየቅኩትም።